ዓሩሳዋ ለዒድ ትመጣለች

ድሬዳዋ፣ መጋላ
ጥር 14 ቀን 1951 ዓ.ም.

ይድረስ ለፋርቱን አባት ለበሺር፤ ኤደን።

ሰላምታዬ ከመጋላ ተነስቶ፣ ባቡርም መርከብም ተሳፍሮ እጅህ ገብቷል፤ ሳይጎድል ተቀበለው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ገና አልጀመረም። የደቻቱ ወንዝ እንደምታውቀው ደረቅ አሸዋ ነው። የስፌት መኪናዬ ላይ ከአሁኑ የዒድ ልብስ ተቆልሏል።

«ሲኒማ ቤቱን አሁንም አንቺ ነሽ የምታዢው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። አዎ እኔ ነኝ፤ ምን ይገርምሃል? ግሪኩ ባለሲኒማ ራሱ ነው ሰው የሚልክብኝ። አዲስ ፊልም በባቡር በመጣ ቁጥር ማክሰኞ፣ በሴቶች ቀን፣ ገብቼ አያለሁ። ረቡዕ ጠዋት የመጋላ እናት ሁሉ ደጄ ላይ ናት። «በድሪያ፣ ይሁን ወይስ ይቅር?» ይሁን ካልኩ ቅዳሜ አዳራሹ በልጅ ጢም ይላል። ይቅር ካልኩ ግሪኩ ፊልሙን ለወንበሮቹ ያሳያል።

ባለፈው የመጣውን የሽጉጥ ፊልም ከልክያለሁ። ሰው መሞቱ አይደለም የከፋኝ፤ ሰው ሲሞት ማንም ዞር ብሎ አለማየቱ ነው። ሾልከው ያዩት ወንዶች ልጆች ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ደቻቱ ውስጥ ጣታቸውን ቀስረው ሲገዳደሉ ይውላሉ። የሕንዱን ግን ፈቅጃለሁ። እናትየዋ ታለቅሳለች፣ ልጅየው ይጠፋል፣ ዝሆኑ ፈልጎ ያገኘዋል። ዘፈኑ ትንሽ በዛ እንጂ ልጅ የሚያበላሽ ነገር የለውም። ጎረቤታችን አዴ ቀመሪያ «ልጅ በጭቃ ይጫወት፣ ምን ሲኒማ አመጣችሁ» ሲሉ ከርመው፣ ለዝሆኑ ከሁሉ በላይ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ፋርቱን ስንወጣ «እማ፣ ዝሆኑ ደመወዝ ይከፈለዋል?» አለችኝ። ልጅን እንዲህ የሚያስጠይቅ ፊልም ደግ ፊልም ነው።

መጽሐፍ ላልከኝ፣ ለልጅ ተብሎ የተጻፈ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። የተገኘውን ሁሉ መጀመሪያ እኔ አነባለሁ። የፋርቱን አስተማሪ አንዱን ሰጥቶኝ ነበር፤ በየገጹ ልጅ ይገረፋል። መለስኩለት። «ምክር አለው እኮ ወይዘሮ በድሪያ» አለኝ። «ምክሩን ለራስዎ ያስቀሩት፣ ልጄ በተረት መሃል ዱላ አትጠብቅም» አልኩት። አሁን ሲያገኘኝ መንገድ ይቀይራል።

በመጫወቻ ላይ ያለኝን አቋም ታውቀዋለህ፤ ዛሬም አልተነቃነቀም። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ቤቴ አይገባም። ሌላ ሰው ሠርቶ የጨረሰው ነገር ላይ ልጅ ምን ትጨምርበታለች? ትይዘዋለች፣ ታየዋለች፣ ትሰለቸዋለች፣ አለቀ። ያንን ፊቱን አንድ ዓይነት አድርጎ ሲስቅ የሚውለውን ነገርማ ጭራሽ አታንሳብኝ፤ ልጅ ያጃጅላል። ፋርቱን የጨርቅ ኳስ አላት፣ ቆርኪ አላት፣ የሰርዲን ቆርቆሮ በገመድ አስራ ባቡር ነው እያለች ትጎትታለች። እንቆቅልሽ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ምን ጎደላት? ስለዚህ «ምን ላምጣላት» ላልከው የቀለም እርሳስና ወረቀት አምጣ፣ በቃ።

የጎረቤታችን የሆዳን እህት ተዳረች። ዓሩሳዋን በጋሪ አድርገው በቀፊራ ገበያ በኩል ሲያመጧት የከበሮው ነገር አይነሳ። ሙሽራ ሆና፣ ዓይኗን ተኩላ፣ በወርቅ ተሸፍና፣ ከጋሪው ስትወርድ አንድ እግር ጫማዋን ጣለች፤ ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ደግ ሠርግ ነበር። ፋርቱን አሁን አሁን ከባለሱቁ ከአብዲቃድር ቤት አልወጣም ብላለች፤ ከሴት ልጁ ከዩሩብ ጋር ገጥማለች። ሐልዋው ነው መሰለኝ የሚስባት።

ሁሌ መቼ እንደምትመጣ ሳትጽፍ ደብዳቤ ትጨርሳለህ። ይህን ልማድ ተው።

በድሪያ


ኤደን
የካቲት 11 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለኡሙ ፋርቱን፣ ለበድሪያ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ወላሂ ሥራ ነው። መርከብ ሲመጣ የጭነት መኪናዬ ዕረፍት የላትም፣ እኔም የለኝም። አማርኛዬ ዝጓል፣ አትሳቂብኝ። እዚህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ዓረብኛ ነው፣ ከጫኝ ልጆቹ ጋር ሶማሊኛ። አማርኛ የማወራው ከገብረወልድ ጋር ብቻ ነው፤ መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ የነበረ የጎጃም ሰው ነው፣ አሁን ወደብ አጠገብ ምግብ ቤት ከፍቷል። እሱም የሚያወራው ሲቆጣ ብቻ ነው።

በዝሆኑ ነገር ብዙ ሳቅኩ። ለፋርቱን ንገሪያት፤ ዝሆን ደመወዙን በሸንኮራ ይቀበላል።

መቼ እንደምትመጣ አትጽፍም ብለሻል። እሺ፣ ጻፍኩ። ለዒድ እመጣለሁ። አለቃዬ ፈቀደልኝ። የቀለም እርሳሱን ገዝቻለሁ፣ ወረቀቱንም፣ እንዳዘዝሽው።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። እንዴት እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ብዙ ቀን አሰብኩ። ዓሩሳ ይዤ እመጣለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ቤትሽ እንዲገባ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ግን ባየኋት ጊዜ ልቤ ወደዳት። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ቆሜ አየኋት። ፀጉሯ ረጅም፣ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ድምፅ የላትም፣ ጨዋ ናት። የራሷ ልብስ አላት። ፋርቱን ትወዳታለች፤ አብረው ይተኛሉ። አንቺም እያደር ትለምጃታለሽ። ለፋርቱን ግን አትንገሪ፤ እኔ ራሴ ላሳያት።

አትቆጪ። ብትቆጪም እመጣለሁ።

በሺር


ድሬዳዋ
መጋቢት 4 ቀን 1951 ዓ.ም.

በሺር፣

ሰላምታ ፈልጌ አጣሁ። ጾም ላይ ነኝ፣ አፌን መጠበቅ አለብኝ፤ ስለዚህ አጭር ነው የምጽፈው።

የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ለአዴ ቀመሪያም ደጋግሜ አነበብኩላቸው፤ አንድም ቃል አልተለወጠም።

ይህ ቤት ለሁለት አይበቃም። እሷን ይዘህ ከመጣህ በሩን ተዘግቶ ታገኘዋለህ። እዚያው አስቀምጣት፣ ካልሆነም አንተም አብረሃት እዚያው ቅር። ልብህ ወደዳት! ሳትጠይቀኝ! ቢያንስ ቢያንስ ልትጠይቀኝ አይገባም ነበር?

የቀለም እርሳሱን ባሕር ማዶ በሚመላለሰው ነጋዴ በኢስሃቅ ላክልኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች።

በድሪያ


ኤደን
መጋቢት 11 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለበድሪያ።

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ረመዳን ከሪም። አንቺ ሰላምታ ባታገኚም እኔ አግኝቻለሁ።

ደብዳቤሽን አነበብኩ፣ አልገባኝም። ይህን ሁሉ? በአንዲት ዓሩሳ? ቤቱ አይበቃም አልሽ። እሷ ምን ቦታ ትይዛለች? አንድ ጥግ ይበቃታል። በምግብ አታስቸግር፣ በወሬ አታስቸግር።

እዚህ ኤደን የጨዋ ቤት ሁሉ ዓሩሳ አለው። አለቃዬ ቤት ሦስት አሉ። ደግሞ አይንከባከቧቸውም፤ አንዷ እጇ ወልቆ ጓዳ ተጥላለች፣ ማንም አያነሳትም። እኔ እንደዚያ አላደርግም። እኛ ቤት ተከብራ ትቀመጣለች።

ሲኒማውን አንቺ እዘዢ፣ መጽሐፉን አንቺ እዘዢ፤ እኔ ዝም ነው የምለው፣ ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽና። አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ እኔ መረጥኩ። አባት አይደለሁም? ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ «እሺ፣ እመልሳታለሁ» ብዬ እዚሁ ወዳለው ነጋዴ ሄጄም ነበር። «አንዴ ከወጣች አልቀበልም» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ።

እኔና እሷ እንመጣለን። በሩን ከዘጋሽ አንኳኳለሁ።

በሺር


ድሬዳዋ
መጋቢት 17 ቀን 1951 ዓ.ም.

በሺር፣

መጀመሪያ ስለዚያች እጇ ስለወለቀው ሴት። ምን ዓይነት አለቃ ነው የያዝከው? ሰው እጁ ወልቆ ጓዳ ይጣላል? ኤደን ውስጥ ወጌሻ የለም? አዴ ቀመሪያ ይህን ሲሰሙ መቁጠሪያቸውን ጥለው ተነሱ። «ለነጋዴው ልመልሳት ሄድኩ» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሞ «ቆይ ቆይ፣ እዚያ አገር ይሸጣሉ እንዴ?» ብለው አፋቸውን ያዙ። አንተ በሺር! ሰው ገዛህ? እኔ የማውቀው በሺር ቀፊራ ወርዶ በፍየል ዋጋ ሲከራከር እንኳ የሚያፍር ሰው ነበር!

ሸሪዓው ይፈቅድልሃል፤ አውቃለሁ፣ አታስተምረኝ። እኔ ግን «ሁለተኛ ሚስት ከባሕር ማዶ አመጣለሁ፣ ከልጅሽ ጋር አንድ አልጋ ትተኛለች፣ እያደር ትለምጃታለሽ» ሲባል እሺ የምል ሴት አይደለሁም። ስታገባኝ ታውቃለህ። ይህ ነገር ፊልም ቢሆን ገና ማክሰኞ አይቼ እከለክለው ነበር።

ልጅህንስ ምን አስነካሃት? ለአዴ ቀመሪያ ሳነብላቸው ከበር ኋላ ሆና ሰምታ «አባ ዓሩሳ ያመጣል! አባ ዓሩሳ ያመጣል!» እያለች ግቢውን ስትዞረው ዋለች። ዩሩብም አብራት ትዘላለች። እልል አለች እኮ በሺር! በእናቷ ላይ ጣውንት ስትመጣ እልል የምትል ልጅ ወለድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመኪናዬ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ጥግ ይዛ ትጎነበሳለች። ስጠጋ ትደብቃለች። እናትና ልጅ ተለያየን ማለት ነው።

እኔ ለሰው አላለቅስም፣ ታውቀኛለህ። ግን አለቀስኩ። መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ የሰው የዒድ ልብስ በእንባዬ አበላሸሁ። ሥራውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ የምጨርሰው አንተ ስትመጣ እጄ ነፃ እንዲሆን ነበር። እየጠበቅኩህ ነበር በሺር። ሌላ ምንም አይደለም፣ እየጠበቅኩህ ነበር።

ወንድሜ ተማም የዒድ ዋዜማ ከሐረር መጥቶ እኔንም ልጅቷንም ይወስደናል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቃዲው ያውቃል። ቁልፉን ለአብዲቃድር እሰጠዋለሁ። ዓሩሳህን ይዘህ ግባ፤ ያኔ ቤቱ ለሁለት ይበቃል።

በድሪያ


ኤደን
መጋቢት 23 ቀን 1951 ዓ.ም.

በድሪያ!

ሰላምታው በኋላ ይመጣል፣ መጀመሪያ ይህን አንብቢ። ሙሽራ አይደለችም! ሚስት አይደለችም! ሰውም አይደለችም! መጫወቻ ናት፣ የልጅ መጫወቻ! ከላስቲክ የተሠራች፣ ፋርቱን በክንዷ የምታቅፋት። እዚህ ዓረቦቹ ዓሩሳ ይሏታል። ሙሽራንም ዓሩሳ፣ እሷንም ዓሩሳ፤ አንድ ቃል ነው። ሱቁ ውስጥ ስሟን እንደዚያ ሰማሁ፣ እንደዚያው ጻፍኩ። የአለቃዬም ሦስቱ የሴት ልጆቹ መጫወቻ ናቸው። ያቺም እጇ የወለቀው መጫወቻ ናት፤ ወጌሻ አትፈልግም።

ደብዳቤሽን ይዤ ገብረወልድ ዘንድ ሮጥኩ፤ «ምን አጠፋሁ?» ብዬ። አነበብኩለት። «ይህቺ ዓሩሳ የምትላት የት ናት?» አለኝ፣ ተቆጥቶ ነው። ከሳጥኗ አውጥቼ አሳየሁት። ከዚያ ጭልፋውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ሳቀ፣ እንባው ወረደ፣ ወጡም አረረ። «አንተ ጅል፣ ይህቺ እኮ አሻንጉሊት ናት!» አለኝ።

አሻንጉሊት። ይህን ቃል ገና አሁን ሰማሁት፣ ወላሂ። ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠርኩ፣ የቀረውን አማርኛ ካንቺ ተማርኩ። ክር፣ ትራስ፣ ኩርፊያ፣ ቅናት፣ ናፍቆት፣ ሁሉንም ካንቺ አፍ ነው የሰማሁት። ይህ ቃል ግን ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። ነገሩን ከለከልሽ፣ ስሙንም አብረሽ ከለከልሽ። «ያ ሲስቅ የሚውል ነገር» ነው የምትዪው። ታዲያ ከማን ልማረው በድሪያ?

ገብረወልድ እስካሁን ይስቃል። የእኔ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። እየጠበቅኩህ ነበር ያልሽውን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት። ደግሞ ተናድጃለሁ፣ ልደብቅሽ አልችልም። እንዴት አመንሽ? እኔ ነኝ ሁለት የማገባው? እኔ አንቺን አንዷን መቼ ቻልኩና!

ይህን በአውሮፕላን ልኬዋለሁ። ቀድሞኝ ቢደርስ ደግ፤ ባይደርስም እመጣለሁ። ሐረር ከሄድሽ ሐረር እመጣለሁ። ተማም በር ላይ አሻንጉሊት ታቅፌ እቆማለሁ፤ ያየ ይሳቅብኝ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታው ይኸው መጣ።

በሺር


ድሬዳዋ
መጋቢት 27 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለበሺር፤ ጅቡቲ ስትደርስ በኢስሃቅ እጅ የሚሰጥህ።

እንዴት ነህ? ባሕሩ እንዴት አደረገህ? ሰላምታዬን መልሼልሃለሁ፤ የቀረብኝንም አንድ ላይ ቁጠረው።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ሳይደርሰኝ ግን ገብቶኝ ነበር፤ ይህን እወቅልኝ። ከሐረር መንገድ በፊት ልብሷን ልሰብስብ ብዬ የፋርቱንን ትራስ ሳነሳ አንድ ቀሚስ አገኘሁ። በሠርግ ጨርቅ፣ ከሆዳን እህት ልብስ በተረፈው፣ በእጅ የተሰፋ። አንገት አለው፣ ዘርፍ አለው። እጅጌው አውራ ጣቴን አላስገባ አለ። ጠራኋት።

«ይህ የማን ነው?»

«የዓሩሳ።»

«የየትኛዋ ዓሩሳ?»

«አባ የሚያመጣት ናታ። የዩሩብ ዓሩሳ ልብሷ አንድ ብቻ ነው። የእኔዋ መቀየሪያ ይኑራት ብዬ ነው።»

መርፌዬን ሻሼ ላይ እንደሰካሁ አብዲቃድር ቤት ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ያቺ የዩሩብ ዓሩሳ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ግማሹ የለም፣ ትስቃለች። ሐልዋ ያልኩት ይኸው ነበር። የአብዲቃድር ሚስት «ምነው በድሪያ፣ ልጅሽ እኮ ስንት ጊዜዋ ነው እዚህ ስታጥባት፣ ስታስተኛት» አለችኝ።

አንጀቴን የቆረጠውን ልንገርህ። መጫወቱ አይደለም። ስመለስ ፋርቱንን «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አንቺ ይቅር ትያለሽ» አለችኝ፤ ሳትፈራ፣ ውሃ አለ ወይ ብዬ እንደጠየቅኳት ሁሉ። እኔ የሲኒማ ቤቱን በር ስጠብቅ ልጄ በእኔው በር ሾልካ ስትወጣ ከርማለች። የመጋላ እናቶች የሚያምኑኝ ልጆቻቸው እንዳይደበቋቸው ነው፤ የእኔዋ ግን ተደበቀችኝ።

ይህን ስላልኩህ ተሳስቼ ነበር አልልህም። የተሳሳተው ቃሉ ነው። አቋሜም አቋሜ ነው። ሌላ ሰው የጨረሰው ነገር ላይ ልጅ ምን ትጨምራለች ብዬህ ነበር። ይኸው ቀሚስ ጨመረች። ሳታያት ስም ጨመረችላት፤ ምን ብላ ጠራቻት ብትለኝ አልነግርህም፣ ከራሷ ስማ። ትናንት ደግሞ «እማ፣ ዓሩሳ ትጾማለች?» አለችኝ። «ዓመቱን ሙሉ» አልኳት። የዝሆኑን ያህል ጥያቄ ነው። ስለዚህ ይህን አሻንጉሊት እፈቅዳለሁ። አሻንጉሊት። ይኸው በእጄ ጻፍኩልህ፣ ሁለተኛ ገብረወልድን አትጠይቅ። ቅናት የሚለውን ግን ከእኔ ተማርኩ ያልከው ውሸት ነው፤ እኔ መቼ ቀንቼ አውቃለሁ?

ተማምን እንዳይመጣ ልኬበታለሁ። አዴ ቀመሪያ ለዚያች እጇ ለወለቀው ሲያደርጉ የሰነበቱትን ዱዓ እንዲያቆሙ ነገርኳቸው፤ «ጀመርኩ አይደል፣ እጨርሰዋለሁ» አሉ። ወሬው መንደሩን ሞልቶታል። ሲያዝኑልኝ የከረሙት እናቶች አሁን ደጄ ላይ ቆመው «በድሪያ፣ ይሁን ወይስ ይቅር?» ይሉኛል፤ ሁሉም በኢስሃቅ በኩል አሻንጉሊት ሊያስመጡ ነው። ሳላይ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? መጀመሪያ እኔ አያታለሁ አልኳቸው።

ስለዚህ እንዲህ ነው የምታደርገው። ባቡሩ ሲገባ እኔና ልጅህ ጣቢያው ላይ ነን። ፋርቱን ቀሚሱን ይዛ ትሮጥብሃለች። ሳጥኑን ቶሎ እንዳትከፍትላት። እኔም አዲስ ቀሚስ ሰፍቻለሁ፤ የሰውን ሥራ አቆይቼ ለራሴ ሰፋሁ፣ ባለ ሥራዎቹ ይጠብቁ። መጀመሪያ እኔን ሰላም በል። ዓሩሳህ እኔ ነኝ።

በድሪያ